የድምፅ መስጫው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፦ የኦፕሽኑ ዋጋ ዝቅ ይበል ወይስ አይበል?

ባለ120አክሲዮን — ኤፕሪል 14, 2009

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የምሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ። አክሲዮን የምገዛው ከደመወዜ እየቆጠብኩ ነው። አማካሪ የለኝም። የድርጅቶቹን ዓመታዊ ሪፖርት የማነበው በሌሊት ፈረቃ፣ ማሽኑ ናሙና እስኪጨርስ ስጠብቅ ነው። በ2007 የአንድ ቴክኖሎጂ ድርጅት 120 አክሲዮን በ52 ዶላር ገዛሁ፤ ስሙን አልጠራም። ዛሬ 19 ዶላር ነው። የትልልቆቹ የአሜሪካ ድርጅቶች አክሲዮን መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ራሱ በኦክቶበር 2007 ከነበረበት 1,565 ተነሥቶ ባለፈው ወር 676 ድረስ ወርዷልና የኔው ብቻ ወደቀ አልልም።

ባለፈው ሳምንት ፕሮክሲው፣ ባለአክሲዮን በስብሰባው ሳይገኝ ድምፅ የሚሰጥበት ወረቀት፣ በፖስታ መጣ። ከዳይሬክተሮቹ ምርጫ ወረድ ብሎ አራተኛው ነጥብ፣ ሠራተኞች በ50 ዶላር አካባቢ የተሰጣቸውን ኦፕሽን መልሰው በዛሬው ዋጋ አዲስ እንዲወስዱ ፍቀዱ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኦፕሽን አክሲዮኑን በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ ገበያው ሲወጣ ልዩነቱን ይወስዳሉ፣ ሲወርድ ከኪሳቸው የሚወጣ ሳንቲም የለም። እኔ ግን 6,240 ዶላር አውጥቼ ገብቼ 2,280 ቀርቶኛል። አክሲዮኑ ተመልሶ 35 ቢገባ እኔ ያኔም ከሳሪ ነኝ፤ እነሱ በየአንዳንዱ 16 ዶላር ያተርፋሉ። ያ 16 ዶላር የሚቆረሰው ከባለአክሲዮኖች ድርሻ ነው። የኔን የመግዣ ዋጋ ማን ዝቅ ያደርግልኛል?

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ታውንሃውሳችንን በ2005 በ385 ሺህ ዶላር ነው የገዛነው። ሃያ በመቶውን፣ 77 ሺውን፣ እኔና ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት አጠራቅመን ከፈልን። ብድሩ 308 ሺህ፣ ቋሚ ወለድ 5.875 በመቶ፣ 30 ዓመት፤ ዋናውና ወለዱ በወር 1,822 ዶላር። አንድም ወር አላሳለፍንም። ዛሬ እንደኛው ያለ ቤት 285 ሺህ ነው። ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ጎረቤቴ በ2006 ያለ ምንም ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ)፣ በሚለዋወጥ ወለድ ገዝቶ ክፍያው 2,900 ደርሶበት ነበር። አሁን በፕሬዚዳንት ኦባማ የቤት ብድር ማስተካከያ ዕቅድ ገብቶ ለሦስት ወር ሙከራ 1,750 እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። የነገረኝ ራሱ ነው፣ ማታ ቆሻሻ ስናወጣ። ደብዳቤውን ከጃኬቱ ኪስ አወጣው። አራት ጊዜ ታጥፎ ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የሚስቱን ደመወዝ፣ የሱን፣ የመኪናውን ዕዳ ደምሮ ቀንሶበታል።

ፌብሩዋሪ ላይ የቴሌቪዥን ዘጋቢው ሪክ ሳንቴሊ ቺካጎ ገበያ መሐል ቆሞ ይህንኑ ዕቅድ እየተቃወመ የጎረቤታችሁን ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ልትከፍሉ ነው ብሎ ሲጮህ በምሳ ሰዓት አይቼዋለሁ። ልቤ አብሮት ነበር። አሁን ግን በጎረቤቴ መናደድ አቃተኝ፣ በኦፕሽኑ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቴ ቤቱን ቢቀማ ባንኩ በርካሽ ይሸጠዋል፣ የኔም ዋጋ ይዞ ይወርዳል፤ ስለዚህ የሱ እፎይታ ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል። ከኦፕሽኑ እኔ ጋ የሚደርሰው ምንድን ነው? ወይስ ሁለቱ አንድ ሆነው እኔ ነኝ የማዳላው? ድምፄን እስከ 24 መላክ አለብኝ።

ኮድ_ጸሐፊ — ኤፕሪል 14, 2009

ጋሼ፣ እኔ በወዲያኛው ወገን ነኝ። ሳን ሆዜ ፕሮግራመር ነኝ፤ ኦፕሽኔ በ48 ዶላር የተጻፈ ነው፣ አክሲዮኑ 17 ነው። «ከኪሳቸው የሚወጣ ሳንቲም የለም» ያሉት አልተዋጠልኝም። በ2006 ስቀጠር ሌላ ቦታ በዓመት 15 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ደመወዝ ቀርቦልኝ ነበር። ልዩነቱን ኦፕሽኑ ይክሰዋል ስለተባልኩ ነው እዚህ የፈረምኩት። በሦስት ዓመት 45 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ቼክ ስላልጻፍኩ አልከፈልኩም?

ባለፈው ወር አጠገቤ አዲስ ልጅ ተቀጠረ፤ የሱ በ17 ተጻፈለት። ሥራውን የማሳየው እኔ ነኝ። አክሲዮኑ 30 ቢገባ እሱ ያተርፋል፣ የኔው ባዶ ወረቀት እንደሆነ ይቀራል። እኔም መንገዱን ተሻግሬ ሌላ ድርጅት ብገባ በዛሬው ዋጋ ይጻፍልኛል። እርስዎ ጋ ይደርሳል የምልዎ ይሄ ነው፤ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ከለቀቁ የእርስዎ 19 ዶላርም አይቆይም።

ይሁንና ሁሉም ልውውጥ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ድምፅ ከመስጠትዎ በፊት ጥቃቅኑን ጽሑፍ ያንብቡ። ጉግል ማርች ላይ ያደረገው አንድ ለአንድ ነበር። አዲሱ ዋጋ 308.57 ዶላር ሆነ፤ አክሲዮኑ በ2007 መጨረሻ ከ700 በላይ እንደነበር ያስታውሱ። ሠራተኛው በምትኩ የተጠየቀው ተጨማሪ 12 ወር መጠበቅ ነው። ለባለአክሲዮን ከዚህ የሚሻለው ሁለትና ሦስት አሮጌ መልሶ አንድ አዲስ መውሰድ ነው፣ የሚቆረሰው ድርሻ ያንሳልና። ከሁሉ በላይ ግን አለቆቹ አሉበት ወይ የሚለውን ይፈልጉ። ድርጅቱን የሚመሩት ሰዎች የወደቀውን ዋጋ ለራሳቸው ካስተካከሉ እኔም አልደግፍም።

ወረቀቱ እርስዎ ጋ የመጣውም በምክንያት ነው። ከ2003 ጀምሮ በኒው ዮርክም በናስዳክም የአክሲዮን ገበያ ደንብ፣ የድርጅቱ የኦፕሽን ዕቅድ አስቀድሞ ካልፈቀደ በቀር የኦፕሽን ዋጋ ያለ ባለአክሲዮን ፈቃድ ዝቅ አይልም። ይጠቀሙበት።

ከፍዬ_የጨረስኩ — ኤፕሪል 15, 2009

ወንድሜ፣ ዛሬ የታክስ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በማርች 2000 ኦፕሽኔን ተጠቀምኩ፤ 2,000 አክሲዮን በ3 ዶላር ገዛሁ። የዚያን ቀን ገበያው 68 ነበር። አንድም አልሸጥኩም፤ ዓመት ከያዝሽው ታክሱ ይቀንሳል ተባልኩ። በኤፕሪል 2001 አክሲዮኑ 6 ዶላር ነው፣ ያለኝ ሁሉ 12 ሺህ። ኤኤምቲ የሚባለው ታክስ ግን በገዛሁበት ቀን የነበረውን የወረቀት ትርፍ፣ 130 ሺውን፣ እንደ ገቢ ቆጥሮ ወደ 35 ሺህ ዶላር ጠየቀኝ። በእጄ ላልገባ ገንዘብ። የሒሳብ ባለሙያው ወረቀቱን ወደኔ አዙሮ በጣቱ መስመሩን አሳየኝና አንገቱን ደፋ። ሲናገር አልሰማሁትም፤ ጣቱን ብቻ ነው የማስታውሰው።

አክሲዮኑን ሸጥኩ፣ ከወንድሜ ተበደርኩ፣ የቀረውን ከነወለዱ በአራት ዓመት ከፈልኩ። ልጄን ከዳንስ ትምህርት ያስወጣሁት በዚያ ጊዜ ነው። ባለፈው ኦክቶበር 3 የ700 ቢሊዮን ዶላሩ የባንኮች መታደጊያ ሕግ ሲፈረም እዚያው ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር፦ በዚህ ዓይነት ኦፕሽን የመጣና እስካሁን ያልተከፈለ ኤኤምቲ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ተሰረዘ። ያልተከፈለ ነው የሚለው። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ አልከፍልም ብላ ስምንት ዓመት ስትሟገት ነበር፤ ተሰረዘላት። ደውላ አለቀሰች፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ለቅሶ መጣብኝ።

እኛ ለከፈልነው ደግሞ የቆየው የታክስ ክሬዲት በየዓመቱ ግማሽ ግማሹ እንዲመለስ ተደርጓል፤ ፎርም 8801 ነው። ዘንድሮ ሞልቼ ልኬአለሁ። እንደኔ የከፈላችሁ ካላችሁ አታሳልፉት።

ጥያቄህ ላይ ግን አቋም አለኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ድርጅትህ የራሱን ውል ሊለውጥ ነው፣ አንተ ደግሞ ባለቤት ነህ፤ አይሆንም ማለት መብትህ ነው፣ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ጎረቤትህ ሲሸነፍ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። የኔ ልጅ ዳንስ ባቆመች ጊዜ «ፈርማ የለ እንዴ» ያለኝን ሰው እስከዛሬ አልረሳሁትም።

የቤት_ጉዳይ — ኤፕሪል 15, 2009

ሜሪላንድ ውስጥ ቤታቸውን ሊያጡ ለደረሱ ሰዎች ምክር በሚሰጥ ድርጅት ነው የምሠራው። ቁጥሩን ላስተካክል፣ ብዙው ንዴት ከዚያ ነው የሚመጣው።

ጎረቤትዎ ዕዳው አልተሰረዘለትም። ዕቅዱ የሚያደርገው የቤት ወጪውን፣ ታክስና ኢንሹራንሱ ጭምር፣ ከጠቅላላ የወር ገቢው ወደ 31 በመቶ ማውረድ ነው። መጀመሪያ ወለዱ ይቀንሳል፣ እስከ 2 በመቶ ድረስ። ካልበቃ ጊዜው እስከ 40 ዓመት ይረዝማል። ያም ካልበቃ ከዋናው የተወሰነው ያለ ወለድ ወደ መጨረሻ ይገፋል፤ ይገፋል እንጂ አይጠፋም። ከአምስት ዓመት በኋላ ወለዱ በዓመት እስከ አንድ በመቶ እየጨመረ ውሉ በተስተካከለበት ጊዜ ወደነበረው የገበያ ወለድ ይመለሳል። በሰዓቱ ሲከፍል ከመንግሥት በዓመት እስከ 1,000 ዶላር፣ ለአምስት ዓመት፣ ከዋናው ይቀነስለታል። በስጦታ የሚያገኘው ይቺ ናት።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። በሰዓቱ ለከፈለ ምንም የለም ብለው ደምድመው ይሆናል፣ ግን አለ። ብድርዎ የፋኒ ሜ ወይም የፍሬዲ ማክ ከሆነ (የቤት ብድር ከባንኮች የሚገዙት ድርጅቶች ናቸው፤ የሁለቱም ድረ ገጽ ላይ አድራሻ አስገብተው ያያሉ)፣ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ እስከ 105 በመቶ ቢደርስም ሪፋይናንስ ማድረግ፣ ማለትም አሮጌውን ብድር በአዲስ ብድር መተካት፣ ይችላሉ፤ ያለ አዲስ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ። በሰጡን ቁጥር ሳሰላው የቀረብዎ ዕዳ ወደ 293,400 ዶላር ነው፤ ለ285 ሺህ ቤት 103 በመቶ ግድም። ዛሬ 4.875 ቢያገኙ ክፍያው ወደ 1,553 ይወርዳል፣ በወር 270 ዶላር ገደማ ማለት ነው። 30 ዓመት እንደ አዲስ መጀመር ካልፈለጉ የለመዱትን 1,822 መክፈልዎን ይቀጥሉ፤ በ22 ዓመት ያልቃል፣ ከአሁኑ አራት ዓመት ተኩል ቀድሞ። የመዝጊያ ወጪውን ግን አስቀድመው በጽሑፍ ይቀበሉ።

ባለ120አክሲዮን — ኤፕሪል 19, 2009

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባለቤቴ ጭምር አነበበችው።

አንተ ልጅ፣ 45 ሺህ ዶላሯን ማሰብ ነበረብኝ። አክሲዮን ስገዛ ሠራተኛው በርካሽ እየሠራልኝ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሪፖርቱ ላይ የማየው ትርፉን ብቻ ነው። እንዳልከኝ ጥቃቅኑን ጽሑፍ አወጣሁ። ሁለት ተኩል አሮጌ በአንድ አዲስ ነው፣ 12 ወር መጠበቅም አለበት። እስከዚህ ልስማማ ተቃርቤ ነበር። ሁለት ገጽ አልፎ ግን አምስቱ ከፍተኛ ኃላፊዎች ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በ2007 አክሲዮኑ 50 በነበረ ጊዜ የራሳቸውን ሲሸጡ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ የሽያጭ ማስታወቂያቸውን በዚያን ጊዜ አንብቤዋለሁ። «አልደግፍም» ላይ ምልክት አድርጌ ላክሁ። ለቦርዱም አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ አምስቱን አውጥታችሁ መልሳችሁ አምጡት፣ 120ውም ድምፅ የሠራተኞቹ ይሆናል።

እህቴ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ እንዴት ናት?

ብድሩ የፋኒ ሜ ሆኖ ተገኘ። ማመልከቻውን አስገብተናል፣ ገማቹ ማክሰኞ ይመጣል። ባለቤቴ ሒሳቡን ስትሠራው፣ ቤቱን ከ279,400 በታች ከገመተው ከ105 በመቶው አልፈን እንቀራለን። ባለፈው ወር ጥግ ላይ ያለው ባንክ የወሰደው ቤት በ241 ሺህ ተሽጧል። ገማቹ እሷን ብቻ ከቆጠረ አለቀልን፤ የጎረቤቴም እንደዚያ ተሽጦ ቢሆን ኖሮማ መሞከርም አያስፈልገንም ነበር። ባለሙያዋ፣ ለማነጻጸሪያ በመደበኛ ሽያጭ የሄዱትን ቤቶች ዝርዝር ለገማቹ መስጠት ይፈቀዳል? ሦስት አግኝቻለሁ፣ ሁሉም ከኛው መንገድ ናቸው።