ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ማንጎ ይዞ መመለስ ይቻላል?

የከዚራ ልጅ (ዴንቨር)፦ ሰላም ቤተሰብ። ሐምሌ ላይ ልጆቹን ይዤ ድሬ እገባለሁ። እናቴ እግሯን ስለሚያማት እዚሁ ትቀራለች። «የከፊራ ማንጎ ሳትይዢ እንዳትመለሺ» ብላኛለች። ኦቾሎኒ፣ ቡና፣ በርበሬና ማርም አዛለች። ስመለስ አሜሪካ ኤርፖርት ላይ የትኛውን ይወስዱብኛል?

አባ ደንቡ (ቨርጂኒያ)፦ ልጄ፣ ማንጎውን እርሺው። ትኩስ ፍራፍሬ አያልፍም፣ አንዲት ሎሚ ብትሆንም። የሚፈሩት የፍራፍሬ ዝንብን ነው፤ እንቁላሏን ማንጎው ውስጥ ትጥላለች፣ ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። የተቆላ ቡና ይገባል፤ ጥሬውም ይገባል፣ ሃዋይና ፖርቶሪኮ ካልሆነ። የተፈጨ በርበሬ ችግር የለውም። ኦቾሎኒውን አስቆልተሽ ያዢ። ቋንጣ እንዳታስቢው! ዋናው ነገር የያዝሽውን የሚበላ ነገር ሁሉ አስመዝግቢ። ያስመዘገበ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል። የደበቀ ግን ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ዘመድ «ለእገሌ አድርሺልኝ» ብሎ የሚሰጥሽን ጥቅል ደግሞ ፈትተሽ እዪ። ጫት ከተገኘ ጉዳዩ ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ነው።

የሳቢያኗ (ለንደን)፦ እዚህም ጫት በፈረንጆቹ 2014 ታግዷል። አባ፣ እርስዎ ስለ ሕጉ ሲያወሩ እኔ ሆዴ ባባ። ከፊራ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ማንጎው በጆንያ ላይ በመደብ በመደብ ተደርድሮ! እዚያው ልጠሽ ስትበይው ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬዎች ገበያ አለ። ንፁህ ነው፣ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። ግን ምርቃት የሚጨምርልሽ የለም።

ዋርያ (ድሬዳዋ)፦ አቦ፣ እናንተ ስትመጡ ግን ዋጋ ተከራከሩ! ባለፈው ክረምት አንዷ ዲያስፖራ የተጠራላትን ከፍላ ሄደች። ከኋላዋ የነበረችው እናቴ በዚያው ዋጋ ግዢ ተባለች። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ የእናንተ ዶላር ወፍሯል። የእኛ ደሞዝ መች ተከተለው?

የሳቢያኗ፦ ታዲያ ከኤረር ፍራፍሬ ጭና ከመጣች ገበሬ ጋር ስለ ሃያ ብር ልጨቃጨቅ? ነውር አይደለም?

ዋርያ፦ ማን ገበሬ አለሽ? ረፋድ ላይ የምታገኚያት ቸርቻሪ ናት። ገበሬዋ ለነጋዴ አስረክባ በጊዜ ሄዳለች። እሷን መጥቀም ከፈለግሽ ከእንቅልፍሽ ቀደም ብለሽ ተነሺ።

የጁገል ልጅ (ቶሮንቶ)፦ ያጨቃጨቃችሁ የድሬ ሙቀት ነው፤ ሐረር አስመዲን በር ወጥታችሁ ብትገበዩ ነፋሻማ ነው። ልጆች ይዘሽ የምትሄጂዋ እህቴ፣ ከተማውን አቋርጦ ስለሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ግን አደራ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። የ1998ቱን ክረምት ያየ ያውቀዋል። አሸዋው ደረቅ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

የሳቢያኗ፦ ዋርያ፣ እሺ። ስመጣ ከእናትህ ጋር ነው ከፊራ የምገባው። እሷ ትከራከርልኛለች።

ዋርያ፦ እሷን ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ነው የሚቀንሱላት። ዘንቢሉን ግን አንቺ ትሸከሚያለሽ፣ አፍሽንም ዘግተሽ። ከተናገርሽ ዋጋው ይጨምራል!