የአሌክሳንድራ ኔኪታ ፊርማ ያለበት ሊቶግራፍ፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልመርምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሩማንያ ተወልዳ ካሊፎርኒያ ያደገችው ሠዓሊ አሌክሳንድራ ኔኪታ (እ.ኤ.አ. የ1985 ልጅ ናት፣ በ1990ዎቹ «ትንሿ ፒካሶ» ይሏት ነበር) በልጅነቷ ከሠራቻቸው አንድ ሊቶግራፍ (በድንጋይ ወይም በማተሚያ ሰሌዳ ላይ ተሥሎ በወረቀት የሚታተም ሥዕል) ለሽያጭ ቀርቦልኛል። በእርሳስ ተፈርሟል፤ በስተግራ 112/300 (ከ300 ቅጂ ቁጥር 112) ይላል። የማረጋገጫ ወረቀት አለው፤ ሻጩ ግን ፍሬሙን መክፈት አልፈለገም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳይከፈት አትክፈል። ማረጋገጫው አሳታሚው፣ ዓመቱ፣ የቅጂው ብዛትና የወረቀቱ ልክ ካልተጻፈበት ጌጥ ነው። ሲከፈት መጀመሪያ ጠርዙን እይ፤ ለፍሬሙ እንዲመች ኅዳጉ ተቆርጦ ከሆነ ዋጋው ይወድቃል። ከዚያ በ10 ወይም በ20 እጥፍ አጉሊ መነጽር ቀለሙን ተመልከት። ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች በሥርዓት ተደርድረው አበባ መሳይ ቅርጽ ከሠሩ፣ ከፎቶ ተነሥቶ ኦፍሴት በሚባለው የማተሚያ ቤት ማሽን የታተመ ቅጂ ነው። በእጅ ከተሣለ ድንጋይ ወይም የማተሚያ ሰሌዳ የወጣው እንደ ሰም እርሳስ ሻካራ ነው፤ ነጥቦቹ ወጥ አይደሉም።

ሌላ መልስ፦ ኦፍሴት ሆኖም ፊርማው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ለየብቻ ይጣራሉ። ባትሪ ከጎን አብራበት፦ እርሳስ ያብለጨልጫል፣ ወረቀቱንም በጥቂቱ ይሰረጉዳል፤ የታተመ ፊርማ ጠፍጣፋ ነው። በላጲስ ልሞክረው እንዳትል! የልጅ ፊርማ በየዓመቱ ስለሚለወጥ የምታነጻጽረው በዚያው ዘመን ከፈረመችው ጋር ይሁን።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሻጩ 5/300ም አለኝ፣ ግን ይወደዳል ይላል። ቁጥሩ ለውጥ አለው?

መልስ፦ የለውም። ወረቀቶቹ የግድ በታተሙበት ተራ አይቆጠሩም። ይልቅ ከ300ው ውጭ ስንት እንደታተመ ጠይቅ። ኤ.ፒ. የሚባሉት የሠዓሊው ቅጂዎች በልማድ ወደ 10 በመቶ ናቸው፤ ለሽያጭ ያልታሰቡት ኤች.ሲ. አሉ፤ በሮማውያን ቁጥር ሌላ ተከታታይ የሚያወጡም አሉ። ዋጋውን ደግሞ በሐራጅ ከተሸጠበት ተነሥተህ ተደራደር፤ ጋለሪ የሚለጥፈው የሚመኘውን ነው። የሕፃን ተአምር ወሬ ሲበርድ ዋጋውም ይበርዳል።

ሌላ መልስ፦ ስለ አያያዙ፦ በሥዕሉ ዙሪያ ቡናማ መስመር ካለ በፍሬሙ ውስጥ ሥዕሉን የከበበው ካርቶን አሲድ አለው፤ ከአሲድ ነፃ በሆነ የጥጥ ካርቶን ይለወጥ። ወረቀቱን ከላይ ብቻ፣ በሁለት የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያና በስንዴ ስታርች ሙጫ ያዘው። አራቱን ጠርዝ ካጣበቅክ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ይጨማደዳል። ፕላስተር አይንካው፤ መስታወቱም ሥዕሉ ላይ አይረፍ፣ ይጣበቃል። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ አይጠቅለል፤ በሁለት ጠንካራ ሰሌዳ መካከል ጠፍጥፎ ይላክ።