የሮስኪልዴ ካቴድራልን ለመጎብኘት

ጥያቄ፦ ከኮፐንሃገን በባቡር ሄጄ በዚያው ቀን ስለምመለስ፣ በሮስኪልዴ ካቴድራል ውስጥ በቅድሚያ ምን ብመለከት ይሻላል?

መልስ 1፦ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀይ ጡብ መገንባት የተጀመረው ይህ ካቴድራል የዴንማርክ ነገሥታት መካነ መቃብር በመሆኑ፣ በ1412 እ.ኤ.አ. ካረፉት ከንግሥት ማርግሬቴ ቀዳማዊት መቃብር ቢጀምሩ ይመረጣል፤ የተጋደመ ምስላቸው ከዋናው መሠዊያ በስተጀርባ ይገኛል።

መልስ 2፦ ሰዓት ሲሞላ ግን ግድግዳው ላይ ወዳለው ጥንታዊ ሰዓት ቀና ይበሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ዘንዶውም ሲጮኽ ይሰማል፤ የጊዮርጊስን ሥዕል እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ብቻውን ጉዞው የሚያስቆጭ እንዳይሆን ያደርጋል።

መልስ 3፦ የነገሥታት ቁመት የተመለከተበትን ዓምድም አይለፉት፤ የክርስቲያን ቀዳማዊ 219 ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑ ግን የተጋነነ ይመስለኛል። ጸሎት ወይም ቀብር ሲኖር ለጎብኚ ስለሚዘጋ፣ የመግቢያውን ሰዓት አስቀድመው ያረጋግጡ።