ወደ ባሕር ጠረፍ ከተዛወርን ወዲህ መሳቢያው አልከፈት አለ

ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ከተማ፣ አገር አቋርጠን ባሕር ጠረፍ ላይ ወዳለ ዳርቻ ሰፈር ገብተናል። ዕቃው በሰላም ደርሷል፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም። ጣጣው የመጣው ከተራገፈ በኋላ ነው።

ከጥድ ጣውላ የተሠራ ባለ አምስት መሳቢያ ቁምሳጥን አለን። የብረት ሐዲድ የለውም፤ እንጨት በእንጨት ላይ ነው የሚንሸራተተው። ድሮ ቤታችን በአንድ ጣት ይሳብ ነበር። አሁን ሦስቱ ነክሰው ቀሩ። የታችኛውማ ስጎትተው እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። የጎን ጣውላው ርዝመት ያው ነው፤ ወርዱ ግን አብጦ የላይኛውን ጠርዝ ይፈትጋል።

የእርጥበት መለኪያው እዚያ 40 በመቶ አካባቢ ነበር የሚያሳየው። እዚህ ከ75 አይወርድም። ሻማ ቀባሁት፤ ለጊዜው ሠራ፣ ከዚያ ያው ሆነ። ላናፍሰው ብዬ መስኮት ብከፍት ጭራሽ ባሰበት፤ የሚገባው የባሕር ነፋስ ነዋ! እርጥበት የሚመጥ ማሽን ቀን ከሌት ማስኬድም አልተዋጠልኝም።

አናጢው «ዛሬውኑ በመላጊያ እናሳንሰው» ይላል። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። እንጨቱ አብጦ ካልጨረሰ እንደገና ማስላግ ሊመጣ ነው። ደረቁ ወቅት ሲገባ ደግሞ ሰብሰብ ብሎ መሳቢያው ሊወላለቅ ይችላል። ቫርኒሽ የተቀባው ውጭው ብቻ ነው፣ ውስጡ ባዶ እንጨት ነው።

ከደረቅ ደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ የእንጨት ዕቃ ይዛችሁ የወረዳችሁ፣ አሁኑኑ አስልጌ ውስጡን ቫርኒሽ ላስቀባው ወይስ አየሩን እስኪለምድ ልታገሠው?