ለወተት ፋብሪካ ካርቦን ቅነሳ፦ ሶላር ወይስ ቦይለር?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ወተት ማቀነባበሪያ ነው፤ ቦይለሩ በናፍጣ ይሠራል። ገዢ ድርጅት የካርቦን ልቀታችንን በ3ቱም ስኮፕ (1፦ እኛው የምናቃጥለው ነዳጅና የሚያፈስ ጋዝ፣ 2፦ የምንገዛው መብራት፣ 3፦ ከአቅራቢዎች ጀምሮ ከእኛ ውጭ ያለው) አስልተን እንድንቀንስ ጠይቋል። አለቆች ጣሪያው ላይ ሶላር እንግጠም ይላሉ። ገንዘቡ መጀመሪያ የት ቢውል ያዋጣል?

እንፋሎት፦
ሶላሩ ይቆይ። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚመነጭ ስኮፕ 2 ላይ የምትቀንሱት እምብዛም የለም። ሶላር የሚጠቅመው ጀነሬተር ካስቀረ ነው። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ ወደ ቦይለሩ።

ወተቱን አሙቆ ጀርም ከሚገድለው ከፓስቸራይዘሩ ጀምሩ። በ4 ዲግሪ የገባው ወተት ወደ 72 ሲሄድ አብዛኛውን ሙቀት የሚወስደው ከሚወጣው ትኩስ ወተት ነው። ይህ ሙቀት የሚለዋወጥበት ክፍል 90 በመቶ ከሠራ ወተቱ 65 ደርሶ ይመጣል፤ ለስቲም (ለቦይለሩ እንፋሎት) የሚቀረው 7 ዲግሪ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ቴርሞሜትሩ 58 ካሳየ የፓስቸራይዘሩ የስቲም ፍጆታ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፕሌቱ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ስስ ብረት) ላይ የተጋገረ የወተት ቅርፊት ነው፤ በአሲድ አጥባችሁ ድጋሚ ለኩ።

ቀጥሎ ኮንደንሴቱን (ስቲሙ ሙቀቱን ሰጥቶ የሚሆነውን ትኩስ ውሃ) ወደ ቦይለሩ መልሱ። የቦይለር መጋቢ ውሃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጅ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከ20 ወደ 80 ብታደርሱት 10 በመቶ። ከዚያ በላይ ግን አትግፉት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ የመጋቢ ውሃው ፓምፕ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ኢምፔለሩን (የሚሽከረከረውን ምላጭ) ይበላዋል። የመጋቢ ውሃው ታንክ ከፓምፑ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ጠያቂው፦
ፕሌት ተበስቶ ወተት ኮንደንሴቱ ውስጥ ቢገባስ?

እንፋሎት፦
ቦይለሩ አረፋ ይደፍቃል። ከፓስቸራይዘሩ የሚመለሰውን በየፈረቃው በብርጭቆ ቅዱና እዩ፤ ከደፈረሰ ወደ ፍሳሽ።

ቅዝቃዜ፦
እንፋሎት ልክ ነህ፣ ግን የማቀዝቀዣ ጋዙን ዘለልከው። አር 404ኤ ከሚባለው ጋዝ 10 ኪሎ ቢፈስ ከ39 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፤ 14,500 ሊትር ገደማ ናፍጣ እንደማቃጠል ማለት ነው! የዓመቱን የጋዝ ደረሰኝ ደምሩ፦ ለጥገና የተሞላው ሁሉ የፈሰሰው ነው። የሚያፈሰውን ቀዳዳ ሳይደፍን ጋዝ ብቻ ሞልቶ የሚሄድ ቴክኒሻን አታስገቡ። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። አዲስ ማቀዝቀዣ ስትገዙ በአሞኒያ የሚሠራ ይሁን።

ከብት ያዥ፦
እናንተ የምትከራከሩበት ሁሉ ትንሹ ክፍል ነው። የወተት ትልቁ ልቀት ከላሟ ሆድ የሚወጣው ሚቴን ነው፤ ስኮፕ 3 የሚባለው። 2 ሊትር የምትታለብም 12 የምትታለብም ላም ራሷን ለማኖር ትበላለች፤ ስለዚህ በገለባ ብቻ ከምትኖረው የሚገኘው የእያንዳንዱ ሊትር ልቀት ከባድ ነው። ለአቅራቢ ገበሬዎች ፋጉሎና ፉርሽካ በዱቤ ማቅረብ ከሶላሩ ይበልጣል። ደግሞ የሁዳዴውን 55 ቀን አስቡ። ገበያ ጠፍቶ የተደፋ ወተት ልቀቱን ሁሉ ይዞ ነው የሚደፋው። ክሬሙን ወደ ቅቤ፣ ቀሪውን ወደሚቆይ አይብ የሚቀይር መስመር ከጾሙ በፊት ይዘጋጅ።