የሹራቡ ፊት ጠቦብኝ ቆሜያለሁ፦ ልፍታው ወይስ ሽቦ ልቀይር?

ሰላም እህቶች፣ ወንድሞች። የአዋቂ ሹራብ ከአክሪሊክ ክር፣ በ4 ሚሊ ሜትር ሽቦ እየሠራሁ ነው። የሙከራው ቁራጭ በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን (የክር ቀለበት) ስለሰጠ፣ ለ50 ሳንቲ ሜትር ወርድ 110 ዐይን ጣልኩ። ጀርባው በልኩ ወጣ። ፊቱ ላይ እጄ ጠበቀና በ10 ሳንቲ ሜትር 24 ዐይን ሆኗል፤ በዚሁ ከቀጠለ ወርዱ ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ሱፍ ቢሆን አጥቦ ወጥሮ ማድረቅ ይበቃው ነበር፤ አክሪሊክ ግን ተወጥሮ አይቀርም፣ ካውያ ቢጠጋውም ይሞታል፣ ማለትም ልስልስ ብሎ መለጠጡን ያጣል። ከብብት በታች ገና 20 ሳንቲ ሜትር ነውና ልፍታው? ወይስ ከዚህ በላይ በ4.5 ሽቦ ብቀጥል መስመሩ ያስታውቃል?

ሁለተኛው ክሩ ነው። ለእጅጌዎቹ የቀረኝ 2 ጥቅል፣ 100 ግራም ብቻ ነው፤ አይበቃም። ፒያሳ ያገኘሁት ቀለሙ ያው ሆኖ የማቅለሚያ ቁጥሩ (በየትኛው ዙር እንደተቀለመ የሚያሳየው) ይለያል። ሁለት መስመር ከአሮጌው፣ ሁለት ከአዲሱ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ይደብቃል፤ ለእጅጌ ብቻ ግን ያን ያህል ድካም ያስፈልጋል?

እዚያው መደርደሪያ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚሠራ ወፍራም ክር አለ፤ ሻርፕ ቶሎ ያልቅበታል። አልጋ ሥር ያለው የክር ከረጢት ሞልቶም ዐይኔ እሱ ላይ ነው! የተጀመረ ሥራ እያላችሁ አዲስ ክር የምትገዙ፣ በምን ደንብ ነው የምትገዙት?