ዘይት የጠጣ አፈሙዝና የመጀመሪያዋ ጥይት

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ተኩሼ በተመለስኩ ቁጥር ጠመንጃዬን አጸዳና የአፈሙዙን ውስጥ ዘይት አጠጥቼ አስቀምጣለሁ። በሚቀጥለው ስወጣ የመጀመሪያዋ ጥይት በ100 ሜትር ላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብላ ትመታለች። ከሦስተኛዋ በኋላ ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ሁለቴ አስተካከልኩት፤ ያው ነው። ዘይት ጨምርበት ያለኝ ሰው ነበር። ጨመርኩ፣ ጭራሽ ባሰበት።

ሰደፍ፦ መነጽሩን ተወው፣ ምንም አላጠፋም። ዘይት ለማስቀመጥ ነው፣ ዝገት እንዳይነካው። ልትተኩስ ስትል ደረቅ ጨርቅ ደጋግመህ አሳልፍና ጠርገህ አውጣው። ጥይቱ የሚጎርስበትንም ቦታ አትርሳ። እዚያ ዘይት ካለ ቀለሁ (የጥይቱ ቀፎ) ግድግዳውን መያዝ ያቅተውና መዝጊያውን ወደ ኋላ በኃይል ይገፋዋል። አፈሙዙ ውስጥ የተኛ ብዙ ዘይትም ግፊት ይጨምራል፣ ቀልድ አይደለም።

ሌላው፣ በየት በኩል ነው የምትወለውለው? እኔ ለዓመታት የማጽጃ ዘንጉን ከፊት፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ነበር የማስገባው። ጥይቶቼ መበታተን ጀመሩ። ጥይቱን ቀየርኩ፣ ሰደፉን አጠበቅኩ፣ ትንፋሼን ሳይቀር ወቀስኩ። አንድ ቀን ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው የቀዳዳው ከንፈር በአንድ በኩል ተበልቶ ያብረቀርቃል። ዘንጉ ነው የሞረደው! እርሳሱ (ተወንጭፎ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) መጨረሻ የሚለቀው ያንን ከንፈር ነው፤ ጋዙ በአንድ ጎን ቀድሞ ካመለጠ እርሳሱን ያንጋድደዋል። ባለሙያ ጫፉን እንደገና ከረከመልኝና ዳነ። መዝጊያው የሚወጣ ከሆነ አውጣና ከኋላ ግባ። መጀመሪያ ግን ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ።

ሃያ ሁለት፦ በጋሼ ሰደፍ እስማማለሁ፣ ግን ማጽዳትም ሲበዛ ጥሩ አይደለም። የኔ ጠመንጃ ትንሿን .22 ጥይት የምትተኩስ ናት። እርሳሷ ሰም የተቀባ ስለሆነ አፈሙዙን ራሷ ትቀባዋለች። ካጸዳኋት በኋላ አሥር፣ አሥራ አምስት ጥይት ካልተኮስኩ ልቧ አይመለስም።

የድሮ ጥይት፦ የቆየ የጦር ሠራዊት ጥይት የምትተኩሱ ልብ በሉ። የብዙዎቹ መለኮሻ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም፤ ዘይት ከላዩ ብታፈሱበት ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት።

ጀማሪው፦ ጋሼ ሰደፍ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አራት ደረቅ ጨርቅ አሳለፍኩ፣ የመጀመሪያዋ ከጓደኞቿ ጋር ገባች። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ፦ ጥይቱ አፈሙዙ ውስጥ የሚተወውን መዳብ በሚያሟሟው ፈሳሽ ስወለውል ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ፈተግኩት፣ አልነጣም።

ሰደፍ፦ ብሩሽህ የነሐስ ነው?

ጀማሪው፦ አዎ፣ ምነው?

ሰደፍ፦ ነሐስም እኮ መዳብ አለበት፤ ሰማያዊው የተሟሟ መዳብ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታሟሟ የነበረው ብሩሽህን ነው። የናይለን ግዛ።